ከዲሲ በቀን ደርሶ መልስ የሚሆኑ የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች፦ የት ምን አለ? መቼና እንዴት ይኬዳል?

ታኮማ_ፓርክ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጁላይ ውስጥ አንዱን ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰው ገደማ ሆነን ስቴት ፓርክ መሄድ አስበናል። ከ6 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆችና ብዙ መራመድ የማይችሉ ሁለት እናቶች አሉን። ሥጋ ጠብሶ መመለስ ብቻ እንዳይሆን፣ ተፈጥሮውንም ታሪኩንም የሚያሳይ ቦታ ጠቁሙን። የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ አለን፤ ይሠራል ወይ? ቡና ማፍላትስ ይፈቀዳል?

ካርታ_አንባቢ
መጀመሪያ ካርዱን እንጨርስ። የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ የፌዴራል ነው፤ ስቴት ፓርክ በር ላይ አይሠራም። ሻናንዶዋና ግሬት ፎልስ ይዛችሁት ትገባላችሁ፤ ፓታፕስኮ፣ ካልቨርት ክሊፍስ፣ ከኒንግሃም ፎልስ ግን የሜሪላንድ መንግሥት ስለሆኑ ለብቻ ይከፈላል። አንዳንዱ ፓርክ በመኪና፣ አንዳንዱ በሰው ቁጥር ነው የሚያስከፍለው፤ የቨርጂኒያ ወይም የዲሲ ታርጋ ያለው መኪና ደግሞ ከሜሪላንዱ ይበልጥ ይከፍላል። ስለዚህ ከመካከላችሁ የሜሪላንድ ታርጋ ያለው ካለ ሰዉን እሱ ላይ ሰብስቡ። እናቶቹ የሜሪላንድ ነዋሪ ከሆኑና 62 ዓመት ከሞላቸው "ጎልደን ኤጅ ፓስ" የሚባል አለ፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለጉብኝት የመጣ እንግዳ አያገኘውም።

ከክፍያው በላይ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። በበጋ ቅዳሜና እሑድ፣ በሜይ መጨረሻ፣ በጁላይ 4 እና በሌበር ዴይ ሰሞን ፓርኪንጉ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ያስቀመጠው ቁጥር አለ፤ ያ ከሞላ "አንድ መኪና ብቻ" ብሎ መለመን ዋጋ የለውም። አንዳንዱ ፓርክ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሞልቶ ይገኛል። አሁን ደግሞ ሰው የሚበዛባቸው ጥቂት ፓርኮች በበጋ አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ግድ አድርገዋል፤ ያለ ምዝገባ የመጣ ከበሩ ይመለሳል። ዓርብ ማታ የፓርኩን ገጽ ሳታዩ አትነሡ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩ ጋ መገኘት ነው ያለባችሁ።

ለአሥራ ሁለት ሰው ጣሪያ ያለው ፓቪልዮን ከፈለጋችሁ ከወራት በፊት ይያዛል። ለጁላይ ቅዳሜ በጁን መፈለግ ዘግይቷል።

የጥንት_ባሕር
ለልጆቹ ካልቨርት ክሊፍስን የሚያህል የለም፤ ግን ቦታውን አውቆ የሄደ ነው የሚጠቀመው። ላስቢ ከተማ ነው፤ ከዲሲ በሩት 4 ወደ ደቡብ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውኃው ዳር ቀዩ ትሬይል (የእግር መንገድ) 1.8 ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ 3.6። ብዙ ሰው "ቢች" ሲባል መኪናው አሸዋው ላይ የሚደርስ ይመስለውና ኩለር፣ ወንበር፣ ጃንጥላ ጭኖ ይመጣል። ያን ሁሉ በጫካውና ቢቨሮች ገድበው ረግረግ ባደረጉት ጅረት ዳር ተሸክሞ ያልፋል፤ ሲመለስ ደግሞ የደከመ ልጅ ይጨመርበታል። ለእናቶቹ ይህ ፓርክ አይሆንም፤ ቁርጡን ነው የምነግራችሁ።

ያለው ነገር ግን ድንቅ ነው። ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሚዮሲን በሚባለው ዘመን፣ ደቡብ ሜሪላንድን ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ሸፍኖት ነበር። ሻርኩ፣ ዓሣ ነባሪው፣ ቀንድ አውጣው ሲሞት ደለል እያለበሰው ኖረ። ባሕሩ ሸሸ፤ ደለሉ አሸዋና ሸክላ እየተነባበረ ገደል ሆኖ ቀረ። ከዚህ ገደል ከ600 በላይ የፍጥረት ዓይነቶች ቅሪተ አካል ተለይቷል። የሜሪላንድ ስቴት መለያ የሆነው ፎሲልም፣ ኤክፎራ የሚባለው ቀይ ቡኒ ባለ ሸንተረር ቀንድ አውጣ፣ የዚሁ ገደል ልጅ ነው።

አሸዋው ላይ የሻርክ ጥርስ ለምን በዛ? የሻርክ አካል የቆመው በልም አጥንት ነው፤ እሱ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተተካ አንድ ሻርክ በዕድሜው ሺዎችን ያፈሳል። ሚሊዮኖች ዓመታት ባሕር ውስጥ የወደቀው ሁሉ ደለል ውስጥ ማዕድን እየጠጣ ጠቆረ። ስለዚህ ልጆቹ ነጭ ነገር አይፈልጉ፤ ነጩ ዛጎል ነው። ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ቡኒ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ሦስት ማዕዘን ይፈልጉ። ጥርስ ለመሆኑ ማረጋገጫው ሁለት ወገን ያለው መሆኑ ነው፦ ላይኛው ስር ደብዛዛና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ታችኛው ለስላሳና አንጸባራቂ። ጠርዙን በጥፍር ቀስ ብላችሁ ስትፍቁት መጋዝነቱ ከተሰማችሁ ስናግልቱዝ ወይም ታይገር ሻርክ ሊሆን ይችላል፤ ቀጭን፣ ረጅምና ጠርዙ ልስልስ ከሆነ የሳንድ ታይገር ነው። አብዛኛው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሜጋሎዶን የሚባለው ከምድር የጠፋ ግዙፍ ሻርክ ጥርስም ይገኛል፣ ግን በብርቅ ነው፤ ለልጆቹ ተስፋ አስቀድማችሁ አትስጡ።

አፈላለጉ እንዲህ ነው፦ ውኃው ወደ ኋላ በሚሸሽበት በሎው ታይድ ሰዓት ድረሱ፤ ከንፋስና ከማዕበል ማግስት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ደረቁን አሸዋ ትታችሁ ማዕበሉ ጠጠሩንና ስብርባሪ ዛጎሉን የሚከምርበትን እርጥብ መስመር ተከተሉ። ጥርሱ ከጠጠሩ ጋር ስለሚመዝን እዚያው ይቀራል። ወንፊት ከያዛችሁ ቀዳዳው ሩብ ኢንች ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ ትንንሾቹ ያመልጣሉ፣ ከጠበበ አሸዋው አይወርድም። ያገኙትን ለማስለየት ሶሎመንስ ያለው ካልቨርት ማሪን ሙዚየም ቅርብ ነው።

እናት_ጀርመንታውን
@የጥንት_ባሕር እናመሰግናለን። ልጆቹ ገደሉን በትንሽ አካፋ ቢጭሩትስ? ጁላይ ላይ መዋኘትስ ይቻላል?

የጥንት_ባሕር
እህቴ፣ አካፋውን ቤት ተዪው። ገደሉን መቆፈርም፣ መውጣትም፣ ሥሩ መሄድም የተከለከለ ነው፤ ከአጥሩና ከምልክቱ ወዲያ ያለው ዳርቻ ዝግ ነው። የሚፈቀደው ክፍት በሆነው አሸዋ ላይ ወድቆ የተገኘውን መልቀም ነው።

ክልከላው ሰውን ለመጠበቅ ነው። ማዕበሉ የገደሉን እግር ይበላዋል። ከላይ የሚሰርገው ዝናብ ሸክላው ንጣፍ ላይ ሲደርስ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይወጣና በላዩ ያለውን አሸዋ ያላላዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ውኃው በስንጥቁ ውስጥ እየረጋና እየቀለጠ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ፀጥ ባለ ቀን፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ከነዛፉ ይናዳል። ከሥሩ የቆመ ሰው መሮጫ የለውም፤ ፊት ለፊቱ ውኃ ነው።

ይኸው መናድ ደግሞ ሕይወት የሚሰጠው ፍጥረት አለ። ፒዩሪታን ታይገር ቢትል የሚባል፣ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅ ጥንዚዛ እጩን የሚያሳድገው እየተናደ ራቁቱን በሚቆም የገደል ፊት ላይ ነው። ገደሉ በድንጋይ ተደግፎ ሣር ቢለብስ ጥንዚዛው ቤት ያጣል፤ ፎሲሉም መውረዱን ያቆማል። ከፓርኩ ውጪ ገደሉ አናት ላይ ቤት የሠሩ ሰዎች "ይደገፍልን" ሲሉ ጉዳዩ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔ አስተያየት ቢጠየቅ ፓርኩ ውስጥ ያለው እንደ ተፈጥሮው ይናድ፣ ሰው ይራቅ።

መዋኘቱን በተመለከተ ሕይወት አዳኝ የለም፣ ሻወርም የለም። ጁላይና ኦገስት ላይ ቼሳፒክ ቤይ ውስጥ ሲ ኔትል የሚባለው የሚለበልብ ጄሊፊሽ ይበዛል። እግር ማራስ ይበቃል። ለፎሲል ብቻ ከሆነ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለ የሥራ ቀን ይሻላል፤ ማዕበሉ አዲስ ያወርዳል፣ ለቃሚው ጥቂት ነው።

ሐዲድ_ወዳድ
ለእንደዚህ ዓይነት ድብልቅ ቤተሰብ ፓታፕስኮ ቫሊ ይሻላል፤ አቫሎንና ኦሬንጅ ግሮቭ የሚባለውን ክፍል ነው የምለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ95 ግማሽ ሰዓት ብትል ነው። ግሪስት ሚል ትሬይል ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ አስፋልትና ሜዳ ስለሆነ ዊልቸርም የልጅ ጋሪም ይሄድበታል፤ እናቶቹ የፈለጉትን ያህል ሄደው መመለስ ይችላሉ። ልጆቹ ስዊንጊንግ ብሪጅን ተሻግረው ካስኬድ ፎልስ ያለችውን ትንሽ ፏፏቴ ያያሉ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ድንጋዩ ግን ሙልጭልጭ ስለሆነ ጫማው ሶሉ ያዝ የሚያደርግ ይሁን።

ታሪኩ እዚያው ዓይናችሁ ፊት ነው። አቫሎን መግቢያ አጠገብ ያለው ቶማስ ቫያደክት እ.ኤ.አ. ከ1833 እስከ 1835 የተሠራ የግራናይት የባቡር ድልድይ ነው፤ 612 ጫማ ርዝመት፣ ስምንት ቅስት። አስቸጋሪው ነገር ድልድዩ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው፤ ሐዲዱ ስለሚታጠፍ ድልድዩም አብሮ ይታጠፋል። መሐንዲሱ ቤንጃሚን ላትሮብ (ልጅየው) ሲነድፈው የራሱን ክብደት እንኳ አይችልም ያሉ ነበሩ፤ በዘመኑ ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ጥቂት ቶን ብቻ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ የጭነት ባቡር በዚያው ድንጋይ ላይ ያልፋል። የሞርስ የ1844 ቴሌግራፍ ሽቦም ከዋሽንግተን ባልቲሞር የተዘረጋው ይህንኑ የባቡር መስመር ተከትሎ ነው።

በግሪስት ሚል ትሬይል ወደ ላይ ስትሄዱ ብሎዲ ዳም የነበረበት ቦታ ይገኛል። በ1907 የተጠናቀቀ ግድብ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ተርባይኖቹ ግድቡ ሆድ ውስጥ፣ ከውኃው በታች ነበሩ። ኃይል ማመንጨቱን ካቆመ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ጥቅም ቆሞ ዓሣውን ዘጋ፤ ከሥሩ ያለው አዙሪትም ሰው በላ። በ2018 ፈረሰ፤ ኢል፣ ሻድና ሄሪንግ የሚባሉት ዓሦች ከባሕር ወደ ላይ የሚወጡበት መንገድ ተከፈተ። ልጆቹ ወንዙ አሁን የሚሄድበትን አዲስ አልጋ ያያሉ።

ፓርኩ ራሱ የሜሪላንድ የመጀመሪያው ነው፤ መነሻው በ1907 ለደን ጥበቃ የተሰጠ 43 ኤከር መሬት ነው፣ ዛሬ 16,000 ኤከር አልፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእምነታቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ ወጣቶች የመጀመሪያው የአገልግሎት ካምፕ የተከፈተውም እዚህ ነው፣ በሜይ 1941።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዝናብ ሲጥል ወንዙን አትመኑ። የኤሊኮት ሲቲ የ2016 እና የ2018 ጎርፍ የመጣው ከዚሁ ሸለቆ ገባሮች ነው። ውኃው ቡና መስሎ ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ ልጆቹን ከዳር አውጡ፤ እዚያ የጠራ ሰማይ ቢሆንም ላይ ዘንቦ ይሆናል።

ቾፕታንክ
ታሪክ ከተባለ የሃሪየት ተብማን ስቴት ፓርክ ሳይነሣ መቅረት የለበትም። ቸርች ክሪክ፣ ዶርቸስተር ካውንቲ ነው፤ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ድልድዩ የሚያስከፍለው ወደ ምሥራቅ ስትሻገሩ ብቻ ነው።

ፓርኩ 17 ኤከር ብቻ ነው፤ በማርች 2017 የተከፈተ፣ ስቴቱ ከብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ጋር የሚያስተዳድረው። ትንሽነቱ አያታላችሁ። ዋናው ነገር በዙሪያው ያለው መሬት ነው፤ ተብማን የተወለደችበትና በባርነት ያደገችበት አገር ዛሬም ብዙም አልተቀየረም። እ.ኤ.አ. በ1822 ገደማ አራሚንታ ሮስ ተብላ ተወለደች፤ በ1849 አመለጠች፤ ከዚያ 13 ጊዜ ገደማ ተመልሳ ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎችን ከባርነት አወጣች። አባቷ ቤን ሮስ እንጨት ቆራጭ ነበር። ጫካውን፣ ወንዙን፣ ኮከቡን ያወቀችው ከዚህ ሥራ ነው። ቅዳሜ ማታ መነሣትን የምትመርጠው እሑድ ጋዜጣ ስለማይታተም የባሪያ ጌቶች የ"ጠፋብኝ" ማስታወቂያ ከሰኞ በፊት እንደማይወጣ ስለምታውቅ ነው። ክረምትን የምትመርጠው ሌሊቱ ስለሚረዝም ነው። ይህን አውቆ ያንን ረግረግ ማየትና ሳያውቁ ማየት አንድ አይደለም።

ከዚያ ብዙ የማይርቀውን የበክታውን መንደር ሱቅ እዩ፤ በልጅነቷ ሌላ ሰው ላይ የተወረወረ የሁለት ፓውንድ የሚዛን ብረት ራሷን የመታት እዚያ ነው። ከፓርኩ በመኪና አምስት ደቂቃ ብትነዱ ብላክዋተር የዱር አራዊት መጠለያ ትደርሳላችሁ። እሱ የፌዴራል ስለሆነ ያ ካርዳችሁ እዚያ ይሠራል። ንስር በየዛፉ ነው። ደርቀው የቆሙት ነጫጭ ጥዶች ደግሞ በእሳት የሞቱ አይደሉም፤ ባሕሩ ከፍ እያለ፣ መሬቱም ቀስ በቀስ እየሰመጠ ጨው ውኃ ሥራቸው ገብቶ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ መጠለያው 5,000 ኤከር ገደማ ረግረግ ወደ ውኃ ተለውጦበታል። ሜፕል ዳም መንገድ በሃይ ታይድ ጊዜ ውኃ ስለሚተኛበት ጨዋማ ጎርፍ ውስጥ መኪና አትንዱ።

ግን በጁላይ አትሂዱ። ትንኙና የሚናከሰው ዝንብ ልጅ አያስቆምም። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች ነው ጊዜው፤ ያኔ ዝይውም ይመጣል፣ የተብማንም ወቅት ነው።

ሐዲድ_ወዳድ
@ቾፕታንክ በዚህ እስማማለሁ። ፓርኩን ወቅቱ ነው የሚመርጠው።

አባት_ፍሬድሪክ
ስለ እናቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ከኒንግሃም ፎልስ፣ ቱርሞንት አጠገብ፣ 78 ጫማ እየተንሸራተተ የሚወርድ ፏፏቴ አለው። ከሐይቁ ወገን ሎወር ትሬይል ግማሽ ማይል ነው። አካል ጉዳተኛ ፓርኪንግ ፈቃድ ላለው ደግሞ ሩት 77 ላይ ማቆሚያ አለ፤ ከዚያ እስከ ፏፏቴው የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል። ፈቃድ ሳይኖር መንገድ ዳር ማቆም ቅጣት ያመጣል፣ መኪናም ያስነሣል።

ታሪኩ በፓርኩ ሌላኛው ጎን፣ ካቶክተን ፈርነስ ነው። በ1776 ሥራ የጀመረ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ነው፤ ማዕድኑ፣ ከሰል የሚከሰልበት ጫካና የሚያንቀሳቅሰው ጅረት አንድ ቦታ ስለተገኙ ተመረጠ። ከሠሩት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሩት 15 ሲሰፋ መቃብራቸው ተገኘ፤ በ2023 የ27ቱ ዘረመል ተጠንቶ የአንዳንዶቹ ዘር ከወሎፍና ከኮንጎ ሕዝቦች መሆኑ ታወቀ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉ ዘመዶቻቸውም ተለዩ። ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ምድጃው ፊት ቆመው ይህን ቢሰሙ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይሻላል።

ሌላ ጊዜ ወደ ሃገርስታውን የምታልፉ ከሆነ ፎርት ፍሬድሪክም አለ፤ በ1756 የተጀመረ የድንጋይ ምሽግ። ከጦርነቶቹ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ በኋላ ኔተን ዊልያምስ የሚባል ነፃ ጥቁር ገበሬ ገዝቶት፣ ቤተሰቡ ከ50 ዓመት በላይ እዚያው ማረሱ ነው።

ነርስ_በዕረፍት
መዥገር ማንም አላነሣም። ከሜይ እስከ ጁላይ "ላይም" የሚባለውን በሽታ በብዛት የምታስተላልፈው ከሰሊጥ ፍሬ የምታንሰው ለጋ የአጋዘን መዥገር ናት። ካልሲው ሱሪው ላይ ይውጣ። ልብስና ጫማ ላይ 0.5 ከመቶ ፐርሜትሪን ከአንድ ቀን በፊት ረጭታችሁ አድርቁት፤ ቆዳ ላይ አይረጭም። ቤት ስትገቡ የደረቀውን ልብስ ሳታጥቡ ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አሽከርክሩት። ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር ፈትሹ። የሹሩባ መስመር ውስጥ በጣት ዳስሱ፣ በዓይን አይታይም።

ከተጣበቀች በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የለም፤ ስትጨነቅ ትተፋለች። ከ24 ሰዓት በፊት ከተነቀለች የላይም በሽታን የማስተላለፍ ዕድሏ ትንሽ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ከታየ ሐኪም ጋ። ጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታው ቀይ ሆኖ ላይታይ ስለሚችል "ቀይ አይደለም" ብላችሁ አትተዉት።

ፖይዝን አይቪ ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ነው፤ ግንድ ላይ ሲወጣ ፀጉራም ገመድ ይመስላል። የነካ ሰው በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቶሎ ይታጠብ፤ ዘይቱ ነው የሚያሳክከው።

ካርታ_አንባቢ
ቡናው ተረስቷል። እሳት የሚፈቀደው ፓርኩ ባስቀመጠው ግሪል ወይም የእሳት ቀለበት ውስጥ ብቻ ነው። ምድጃ ሣር ላይ አስቀምጦ ከሰል ማያያዝ ክልክል ነው፤ የዕጣን ከሰልም ከዚያው ይቆጠራል። የሚያዋጣው ትንሽ የቡቴን ምድጃ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ነው፤ እሱንም ቢሆን የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን ሬንጀሩን ጠይቁ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ኑ፤ ጀበናዋን ከነማስቀመጫዋ፣ ነፋስ መከለያም አትርሱ። የግሪል ከሰል ሲያበቃ ውኃ አፍስሶ አመዱን አገላብጦ እንደገና ማፍሰስ እንጂ ዛፍ ሥር መድፋት የለም፤ ሥሩ ውስጥ ለሰዓታት ይጨሳል።

የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ቆሻሻ መጣያ በርሜል የላቸውም። ያመጣችሁትን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ለአሥራ ሁለት ሰው ሦስት ወፍራም ከረጢት ያዙ፣ አንዱ ለአጥንት ብቻ ይሁን፤ ጫካ የተጣለ አጥንት ራኩንና ቀበሮ ይጠራል።

ታኮማ_ፓርክ
እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም። እንግዲህ ለጁላይ ፓታፕስኮ፣ ተብማንን ለኖቬምበር ይዘነዋል። ትልልቆቹን ልጆች ብቻ ካልቨርት ብንወስድ ሎው ታይዱን የት እናያለን?

የጥንት_ባሕር
ኖኣ (NOAA) የሚባለው የፌዴራል የባሕርና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት የሎው ታይድና የሃይ ታይድ ሠንጠረዥ በነፃ አለ፤ "ኮቭ ፖይንት" የሚለውን ፈልጉ፣ ከፓርኩ ጥቂት ማይል ብቻ ነው የሚርቀው። ሎው ታይድ ከሚለው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ከመኪናው ተነሡ፤ 45 ደቂቃው የእግር መንገድ ነው፣ ቀሪው ውኃው እየሸሸ ሳለ ለመልቀም። ከባሕሩ ወገን ማለትም ከምሥራቅ ሲነፍስ ውኃው ከሠንጠረዡ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ የዚያን ቀን ንፋስም እዩ። ወንፊቱ ላይ ገመድ እሰሩበት፣ ልጆቹ እጅ ሲደክማቸው ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።